«ሰው የለበትም» የተባለው ሕንፃ

ሚኒባስ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት የሚያሳፍረኝ ሰው ነኝ። እኔ የምወርድበት ቦታ ላይ ሌላ ወራጅ ከሌለ ዝም ብዬ አልፋለሁ፤ ቀጥሎ ሰው ሲወርድ አብሬ ወርጄ በእግሬ እመለሳለሁ። ሰበታ የገባሁ ሰሞን ከአለም ገና እስከ መሃል ከተማ ያለውን የጅማ መንገድ ዳር ሱቅ በሱቅ ያወቅሁት በዚህ ምክንያት ነው። እንዲህ ያለች ሰው የብረት በር ደብድባ መንደር ሰበሰበች ሲባል የሚያውቁኝ ሁሉ «የቷ ዲንቄ?» ነበር ያሉት። እኔው ነኝ። ታሪኩን ሌሎች ብዙ ጊዜ አውርተውታል። ከሃዲ ያደረጉኝ አሉ፣ ጀግና ያደረጉኝም አሉ። አንድ ጊዜ ከራሴ አፍ ስሙት።

የተወለድኩት መናገሻ አጠገብ ከገበሬ ቤተሰብ ነው። ስድስተኛ ክፍልን ስጨርስ ቀጣዩ ትምህርት ቤት ሩቅ ስለነበር በዚያው ቀረሁ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሰበታ ክር ፋብሪካ ውስጥ ሥራ ሲገኝልኝ አባቴ እጄን ይዘው ወስደው ለኦቦ ደቻሳ አደራ ሰጡኝ። ኦቦ ደቻሳ ከአባቴ ጋር በአንድ ማኅበር የሚጠጡ፣ የተጣላ የሚያስታርቁ፣ የተከበሩ ሰው ናቸው። መሬታቸው ለፋብሪካ ሲወሰድ በካሳው ባለ አንድ ፎቅ ሕንፃ ሠሩ። እኔንም እዚያው ፎቅ ላይ፣ ከሌሎች የፋብሪካ ልጆች ጋር አስገቡኝ። የመጀመሪያ ፍራሼን የገዙልኝ እሳቸው ናቸው። ይህን አልክድም፤ እሳቸውን ጭራቅ አድርጌ ለማውራትም አልተነሳሁም።

ሕንፃው ሲሠራ የተፈቀደው ለመጋዘንነት ነበር። ምድር ቤቱን አንድ የስፖንጅ ነጋዴ ተከራይቶ እስከ ጣሪያው ሞልቶታል። ላይኛው አንድ ረጅም አዳራሽ ነው፤ በችፑድ ተከፋፍሎ እኛ እንተኛበታለን። መስኮቶቹ ከራስ በላይ ናቸው፤ ትንንሾች ሆነው ብረት ተገጥሞላቸዋል። ደረጃው በስፖንጁ መሃል ወርዶ አንድ ትልቅ የብረት በር ላይ ያበቃል። ሌላ መውጫ የለም። ሽንት ቤቱ ደግሞ ውጭ፣ ግቢ ውስጥ ነው።

ነጋዴው ስፖንጄ ይሰረቃል ብሎ ስለሚሰጋ ኦቦ ደቻሳ በሩን ሁልጊዜ ከውጭ በጓጉንቸር ይቆልፉ ነበር። ዘበኛ አልቀጠሩም። ላይ ሰው ስላለ ሌባ አይደፍርም ይሉ ነበር። እኛ የሌሊት ፈረቃ የሆንነው ጠዋት ገብተን ስንተኛ ከነእንቅልፋችን ይቆለፍብናል። መውጣት የፈለገ ሰው ለኦቦ ደቻሳ ሚስኮል ያደርጋል፤ እሳቸውም ቤታቸው ቅርብ ስለሆነ መጥተው ይከፍታሉ። ሽንት ቤት ለመሄድ ለአንድ የተከበሩ ሽማግሌ ሚስኮል ማድረግ ለኔ ምን ያህል ከባድ እንደነበር መገመት ትችላላችሁ። ሌሎቹ ሲያደርጉ ጠብቄ አብሬ እወርድ ነበር። በዚህም ልጆቹ ስም አወጡልኝ፤ «ሳይለንት» አሉኝ፣ እንደ ስልኩ።

ያን ቀን ጠዋት ከሥራ ስንመለስ ኦቦ ደቻሳ ደረጃው ሥር ቆመው ጠበቁን። ከማዘጋጃ ቤት ሰዎች እንደሚመጡ ነገሩን። በሰፈሩ ያለውን ሕንፃ ሁሉ እየዞሩ ለምን እንደተፈቀደና አሁን ለምን እንደሚያገለግል እያመሳከሩ ነው አሉ። እሳቸው ቆልፈው ዘወር ይላሉ። ሰዎቹ የተዘጋ መጋዘን አይተው ያልፋሉ። እኛ መስኮት እንድንዘጋ፣ የታጠበ ልብስ ብረቱ ላይ እንዳንሰቅል፣ ድምፅ እንዳናሰማ አዘዙን። ከሰዓት መጥተው ይከፍታሉ።

«ሰው ይተኛበታል ከተባለ ያሽጉታል። ያን ጊዜ ተጎጂዎቹ እናንተ ናችሁ» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ጠቁመው ፈገግ አሉ። «ዲንቄን ተመልከቱ። ለዛሬ ሁላችሁም እንደሷ ሁኑ።»

ልጆቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ መሰለኝ። ጓጉንቸሩ ከውጭ ሲገጥም ሰማን፤ ወደ ላይ ወጣንና ተኛን።

ስለ ሁለት ልጆች ልንገራችሁ። አንዷ ትዕግስት ናት። ከደብረ ታቦር መጥታ እዚህ ዘመድ የሌላት፣ አንደበቷ ስል የሆነ፣ ስሟን ማን እንዳወጣላት ሁላችንም የምንገረምባት ልጅ ነበረች። አዳራሹን የምታስተዳድረው እሷ ናት ማለት ይቻላል። ሌላዋ ጫልቱ ናት። የሱሉልታ ልጅ ስትሆን ሴት ልጇን እናቷ ጋ ትታ ነው የምትሠራው። አስም አለባት። የምትነፋው መድኃኒቷ በሥራ ላይ አልቆባት ስለነበር ትንሽ ተኝታ ስትነሳ ከመንገዱ ማዶ ካለው ፋርማሲ ልትገዛ አስባ ነበር። ኦቦ ደቻሳ ዛሬ ሚስኮል የለም ሲሉ ግን ምንም አላለችም። እኔ ብሆንም አልልም ነበር።

የነቃሁት በጫልቱ ትንፋሽ ነው። ከዋዜማው አዲስ ስፖንጅ ተራግፎ ስለነበር ሽታው ከታች በደረጃው እየወጣ፣ ከተዘጋው መስኮትና ከቆርቆሮው ሙቀት ጋር ሆኖ አየሩ ይከብዳል። ጫልቱ ፍራሿ ላይ ተቀምጣ በሁለት እጇ ጉልበቷን ይዛለች። ትንፋሽ ስትስብ ትከሻዋ እስከ ጆሮዋ ይነሳል። ትዕግስት ወንበር ላይ ቆማ መስኮት ከፈተች። መስኮቱ በጓሮ በኩል ወዳለው የፋብሪካ አጥር ነው የሚያየው፤ ሰው አያልፍበትም። የሚገባውም አየር ከአንድ ትንፋሽ የማይበልጥ ነበር።

ለኦቦ ደቻሳ ደወልን፤ ስልካቸው ዝግ ነው። ደግመን ደወልን። ትዕግስት ቶሎ ገባት፤ የማዘጋጃ ቤት ሰዎች ደውለው ክፈት እንዳይሏቸው አጥፍተውታል። የቀን ፈረቃ ልጆች ስልካቸውን ፋብሪካው በር ላይ አስረክበው ነው የሚገቡት። ፖሊስ ጋ እንደውል ብላ አንዷ ሀሳብ አቀረበች፤ ሌላዋ ሁላችንም ዛሬውኑ ጎዳና እንወጣለን ብላ ስልኩን ቀማቻት። ጫልቱ ራሷ እጇን እያወዛወዘች ይተወኛል ትል ነበር። አንዳንድ ቀን በራሱ ይተዋታል። ትንሽ እንጠብቅ ተባለ። ውኃ አጠጣናት፤ ጀርባዋን አሸናት። አልተዋትም። ከንፈሯ ሲጠቁር አየሁ።

መኪና ሲቆም የሰማነው ያን ጊዜ ነው።

ትዕግስት ጫማዋን አውልቃ በደረጃው ወረደች። እኔ ለምን እንደተከተልኳት አላውቅም። በስፖንጁ መሃል በጨለማ ቆመን ጆሯችንን ወደ በሩ ሰጠን። ብረት ስለሆነ ውጭ ያለው ንግግር ጎናችን እንደቆመ ሰው ይሰማል። አንድ ወንድና አንዲት ሴት ናቸው። ሰውየው በድምፁ በዕድሜ የገፋ ይመስላል፤ ጸሐይ እንደመታው ያስታውቃል።

«ይኸው መጋዘን ነው። ዝግ ነው። ስፖንጁም ይሸታል» አለ።

«ላይኛውስ?» አለች ሴቲቱ።

ጎን ያለው ባለሱቅ ጣልቃ ገባ። ባዶ ነው አላቸው፤ ባለቤቱ ለቅሶ ሄደዋል አለ። ኦቦ ደቻሳ ነግረውት ይሁን ከራሱ አላውቅም። ባለሱቁ በየቀኑ ዳቦና ሳሙና የሚሸጥልን ሰው ነው፤ የእያንዳንዳችንን ስም ያውቃል።

«ሰው የለበትም ማለት ነው?» ስትል ጠየቀች።

«የለበትም።»

«እሺ። መጋዘን፣ ሰው የለበትም። እንለፍ።»

ስትናገር ቁጣም ክፋትም አልነበረባትም። እንደ ማንኛውም ሥራ ነው የተናገረችው። እኔ ግን የሆነ ነገር ሆንኩ። በሕይወቴ ሰው ሳያየኝ ሲያልፍ ደስ የሚለኝ ነበርኩ። ተማሪ ሳለሁ አስተማሪ ስሜን ሳይጠራ ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ እፎይ እል ነበር። ያን ቀን ግን ከላይ የጫልቱ ትንፋሽ እንደ ፉጨት እየተሰማኝ «ሰው የለበትም» ሲባል ወደ በሩ አንድ እርምጃ ተጠጋሁ። አለን እኮ። ስድስት ሰዎች አለን።

ትዕግስት ፊቴን አይታ ይሁን፣ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ። ወደ ላይ ቀና ስል ጫልቱ በእንፏቀቅ ደረጃው ጫፍ ላይ ደርሳለች። ሀሳቤን ያወቀች ይመስል ራሷን ነቀነቀች። «ዲሲ» አለችኝ፤ ተይው ማለቷ ነው። «ዲሲ፣ ዲንቄ።» እየታፈነች እንኳ የምትፈራው ማደሪያዋን ማጣት ነበር። እዚያ ካላደረች ሥራዋን ትለቃለች፤ ሥራዋን ከለቀቀች ልጇን የሚያበላ የለም።

የመኪናው በር ሲከፈት ሰማሁ። ክንዴን ከትዕግስት አስለቅቄ በሩን በመዳፌ መታሁት። ድምፁ ትንሽ ነበር። በቡጢ መታሁት። ከዚያ በሁለቱም እጄ ደበደብኩት።

የመኪናው በር ተመልሶ ተዘጋ።

«ማነው?» አለች ሴቲቱ፤ ድምፅዋ ወደ በሩ ቀረበ።

«ሰው አለ» አልኩ።

«ምን?»

«ሰው አለ!» አልኩ። ያን ያህል ድምፅ እንዳለኝ አላውቅም ነበር። ከአገር ቤት ከወጣሁ በኋላ ጮክ ብዬ የተናገርኩት የመጀመሪያው ቃል ሳይሆን አይቀርም።

በዕድሜ የገፋው ሰውዬ ሳቅ አለና «ዕቃ ጠባቂ ነሽ?» አለኝ።

ትዕግስት ጆሮዬ ሥር «አዎ በይ» አለችኝ። «አዎ በይ፣ ዲንቄ። በቃ ጠባቂ ነኝ፣ የታመመች እህቴ አለች በይ። ይከፈታል፣ እኛም አንነካም።» እውነቷን ነበር። መጋዘን ጠባቂ ቢኖረው ማንም አይገረምም። መድኃኒቱ ይመጣል፣ ማታ ሁላችንም ወደ ፍራሻችን እንመለሳለን። ነገ ደግሞ ይቆለፍብናል።

አፌን ከፍቼ ልል ነበር። አልወጣልኝም።

«አይደለሁም» አልኩ። «እዚህ የምንኖር ነን። ላይ ነው የምንተኛው። ከውጭ ተቆልፎብን ነው። አንዷ ታማለች፣ መተንፈስ አቅቷታል።»

ትዕግስት እጇን ከክንዴ ላይ አነሳች። ከዚያ በኋላ ነክታኝ አታውቅም።

ውጭ ሩጫ ሆነ። ሴቲቱ ባለሱቁን ቁልፉ የት እንዳለ ጠየቀችው፤ እሱም ድንገት ምንም የማያውቅ ሰው ሆነ። ከመንገዱ ዳር ካለው ብየዳ ቤት ሰው ተጠራ። ብረት መቁረጫ ማሽኑን ይዞ መጣና ሽቦ ሲዘረጋ ይሰማኛል። አንዴ ቢነካው ይበጠሳል ይላል። ማሽኑ ሲጮህ በበሩ ሥር ባለው ክፍተት ብልጭታ አየሁ፤ ከእግሬ ፊት ለፊት። ከጀርባዬ እስከ ጣሪያ ስፖንጅ ነው። ጫማ እንኳ አላደረግሁም።

ሴቲቱ ከውጭ «አቁም!» ስትል ማሽኑ ዝም አለ። «ልጄ፣ ውስጥ ያለው ዕቃ ምንድን ነው? የት ድረስ ነው ያለው?»

«ስፖንጅ ነው። በሩ ድረስ አለ።»

ከዚያ እሷ በቀስታ ለብየዳው ሰው ማሽኑን ከዚያ አርቀው አለችው፤ ሲጋራ የያዘ ካለም ይራቅ አለች። ዲጂኖ ይምጣ ተባለ። ዲጂኖ እስኪመጣ ድረስ ሴቲቱ ከበሩ አልሄደችም። እያናገረችኝ ቆየች፤ ስሜን ጠየቀችኝ፣ ስንት እንደሆንን ጠየቀችኝ፣ የታመመችው ልጅ እንድትቀመጥ እንጂ እንዳትተኛ አድርጓት አለችኝ። የምትነፋውን መድኃኒት ስም ከጫልቱ ተቀብዬ በበሩ ስንጥቅ ነገርኳት፤ አንድ ሰው ወደ ፋርማሲው ሮጠ። ዲጂኖው ጓጉንቸሩ ውስጥ ገብቶ ሲጠመዘዝ ብረቱ እንደ እንስሳ ጮኸ፤ ብዙ ጊዜም ወሰደ። በመጨረሻ በሩ ተከፈተና ብርሃኑ ዓይናችንን መታን።

ጫልቱን ሁለት ሰዎች ደግፈው አወጧት። የባለሱቁ በር ላይ ባለው ሣጥን ተቀምጣ መድኃኒቷን ስትነፋ መንደሩ ሁሉ ከቧት ቆመ። ትከሻዋ ቀስ በቀስ ወረደ። ከንፈሯ ወደ ቀለሙ ሲመለስ ማልቀስ ጀመርኩ፤ ሰው እያየኝ።

ሴቲቱ ኢንጂነር ነበረች፤ ወጣት ናት፤ ከኔ ብዙ አትበልጥም። ላይ ወጥታ አየች። ፍራሾቹን፣ ችፑዱን፣ ለዚያ ቀን ያስገባነውን የሽንት ባልዲ፣ መስኮቶቹን። አልተቆጣችም። ስትወርድ ደረጃው ላይ ቆመች፤ ፊቷ ገርጥቷል። ሳልጠይቃት ነው የነገረችኝ። ሕንፃ የሚመደበው ውስጡ በሚሠራው ሥራ ነው አለች። ዕቃ የሚቀመጥበት አንድ ምድብ ነው፤ ሱቅ ሌላ፣ ፋብሪካ ሌላ፣ ትምህርት ቤት ሌላ፤ ሰው የሚተኛበት ደግሞ የብቻው ነው። ፋብሪካ ውስጥ ያለ ሰው ነቅቶ ነው ያለው፤ በሩንም ያውቀዋል። ገበያ የገባ ሰው በሩን ላያውቅ ይችላል፤ ግን ነቅቷል። የተኛ ሰው እሳት ቢነሳ መጀመሪያ መንቃት አለበት፤ ከዚያ ጫማውን ይፈልጋል፣ ጓደኛውን ይቀሰቅሳል። ስለዚህ ሰው ለሚተኛበት ቤት ሕጉ ከሁሉ የበለጠ ይጠይቃል፤ ሌላ መውጫ፣ የሚከፈት መስኮት፣ ያለ ቁልፍ ከውስጥ የሚከፈት በር። «ለመጋዘን ይህን ሁሉ አንጠይቅም። ስፖንጅ አይሮጥማ» አለች።

ይህን ስትል እኔ የማስበው ሌላ ነገር ነበር። በሰላም ወጥተን ጸሐይ ላይ ቆመናል፤ ግን ያን በር ስንት ጊዜ ቆልፈውብን፣ እኛም ስንት ጊዜ ተኝተንበት ነበር።

ኦቦ ደቻሳ የመጡት ያን ጊዜ ነው። ወሬው ደርሷቸው እየሮጡ ነው የመጡት፤ ነጠላቸው ትከሻቸው ላይ አልነበረም። በመጀመሪያ ጓጉንቸሩን አዩ፤ ከዚያ ጫልቱን፤ ከዚያ እኔን። ኢንጂነሯ «አባቴ፣ ይህ ሕንፃ ምንድን ነው?» ብላ በአክብሮት ጠየቀቻቸው። መጋዘን ነው አሉ። ልጆቹስ? ለነፍስ ብዬ ያስጠለልኳቸው ናቸው አሉ። እውነታቸው ይመስለኛል፤ እንደዚያ ነው የሚያስቡት።

ሁለት መንገድ እንዳላቸው ነገረቻቸው። መጋዘን ከሆነ ዛሬውኑ ሰው ይወጣል። ማደሪያ ይሁን ካሉ ደግሞ ስፖንጁ ይወጣል፤ በውጭ በኩል ሌላ ደረጃ ይሠራል፤ መስኮቶቹ ይሰፋሉ፤ ከዚያ የአገልግሎት ለውጥ ጠይቀው ይፈቀድላቸዋል። እስከዚያ ላይኛው ፎቅ ይታሸጋል። ኦቦ ደቻሳ ስፖንጁን ዞር ብለው አዩት። ብዙም አላሰቡም።

«መጋዘን ነው» አሉ።

ወደ እኔ መጡ። ድምፃቸውን አልጨመሩም። «ኢንተላ ኮ፣ ምን በደልኩሽ?» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው፤ ሁሌም እንደዚያ ነው የሚጠሩኝ። «ለአባትሽ እነግራለሁ» ብለው ሄዱ።

ከሰዓቱን ፍራሻችንን ተሸክመን መንገድ ዳር ቆምን። የቀን ፈረቃ ልጆች ከሥራ ሲመለሱ የታሸገ በር ጠበቃቸው። ማን እንዳደረገው መናገር አላስፈለገም። አንዳንዶቹ አለቀሱ፤ አንዳንዶቹ ሰደቡኝ። ትዕግስት አልሰደበችኝም። ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ ለረጅም ጊዜ ካየችኝ በኋላ፣ «ሳይለንት ነበርሽ፤ አሁን ምን ነካሽ?» አለች። «አንቺ መናገሻ አባት አለሽ። የትም ቢሆን ትገቢያለሽ። እኔ ዛሬ የት ነው የማድረው?»

«አላውቅም» አልኳት። «ግን እዚያ ውስጥ አይደለም።»

«አንቺ ማን ነሽ የምትወስኚልኝ?»

ይህ ጥያቄዋ ትክክል ነበር። ጫልቱን ትንፋሽ ካጠራት በኋላ ጠይቄ አስፈቅጄ የምመታበት ጊዜ አልነበረኝም። ያን ምሽት ትዕግስት ቡራዩ ያለች የሥራ ጓደኛዋ ጋ ሄደች፤ በኋላ ገላን ሥራ እንዳገኘች ሰማሁ። ደውዬላት አታነሳም። ሌሎቹም ዘመድ ጋ፣ ጓደኛ ጋ ተበታተኑ። እኔና ጫልቱ አለም ገና ውስጥ ከአንዲት አሮጊት ግቢ ጭቃ ቤት አገኘን። ጣሪያው ያፈሳል፤ ከበፊቱ የሚበልጥ ኪራይም እንከፍላለን። ከተበላሸው መዝጊያ ሌላ መቆለፊያ የለውም፤ እሱንም ከውስጥ በድንጋይ እናስደግፈዋለን።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ አባቴ ደጅ ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ሰላም ካሉኝ በኋላ ኦቦ ደቻሳ ቤት ሽማግሌዎች ተሰብስበዋል፤ ተከተይኝ አሉ። ኦቦ ደቻሳ የፈለጉት ገንዘብ አልነበረም። ስሜን አጠፋች፣ ይቅርታ ትጠይቀኝ ነው ያሉት። ሽማግሌዎቹ ለሁሉም ነገር ቀላል ጎን ይፈልጋሉ፤ ጉልበት ስማ ትሂድ አሉ።

ኦቦ ደቻሳ ተናገሩ። ያለ ዘመድ የመጡትን ሁሉ እንዳስጠለሉ፣ ፍራሽ እንደገዙ፣ እኔን እንደ ልጃቸው እንዳዩ ተናገሩ። ሌባም ባለጌም እንዳይደርስባቸው ነው የቆለፍኩት አሉ። «አንድ ቀን ከፋኝ ብላ አታውቅም» አሉ። «አንድ ቀን። ተስማምታ ነው የኖረችው። እንዲህ ልታደርገኝ ነው ወይ?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። በዚያ ቤት ውስጥ ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። ጣሪያውን፣ ወለሉን አየሁ።

«ዝም ያልኩት ተስማምቼ አይደለም» አልኩ። «ዝም ማለት ስለምችል ነው። ፍራሹን ስለገዙልኝ እግዜር ይስጥልኝ፤ ያን አልረሳም። በሩን ስለመታሁ ግን ይቅርታ አልጠይቅም። ጫልቱ ሞታ ቢሆን ዛሬ ለቅሶ ነበር የምንቀመጠው። እርስዎም ከኛ ጋር።»

አንዱ ሽማግሌ ልጅቷ ተምራለች መሰለኝ አለ፤ ሌሎቹ ሳቁ። አባቴ አልሳቁም። ፊታቸው በሐፍረት ጠቁሮ ተነሱ። እኔ ካልጠየቅሁ በኔ ፈንታ የኦቦ ደቻሳን ጉልበት ሊይዙ ነው። አባቴ ለሰው ጎንበስ ሲሉ አይቼ አላውቅም።

«አባባ፣ ይቀመጡ» አልኩ። «አንቱም አይጠይቁልኝ። ለኔ ብለው ከሆነ አልፈልግም።»

አባቴ በቆሙበት ቀሩ። ከዚያ ኮፍያቸውን አንስተው ማንንም ሳይሰናበቱ ወጡ። እኔን እየተቆጡ ይሁን ቤቱን እየተቆጡ አላወቅሁም። ተከትያቸው ስወጣ ወደ መናገሻ በሚሄደው ሚኒባስ ተሳፍረዋል። ሊያናግሩኝ አልፈለጉም፤ ከዚያም ወራት ሙሉ አልደወሉልኝም።

ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ አንዳንዶቻችሁ ጥፋተኛ ናት እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ፊት ለፊት ብሉኝ። ያ ሕንፃ ዛሬም እዚያው አለ፤ ስፖንጁም አለ። እኔ ግን አንድ ነገር ተለውጦብኛል። ድሮ ሰው ሲያየኝ ነበር የምሸማቀቀው፤ አሁን ደግሞ ሰው እንዳለ እያወቀ የለም የሚል ሰው ያሳፍረኛል። አሁንም ዓይነ አፋር ነኝ፤ ሚኒባስ ውስጥ ድምፄ አሁንም ይንቀጠቀጣል። ቤት ስትከራዩ ግን ቀለሙንና ሰሌዳውን አትዩ። ባለቤቱ ምን ብሎ እንደሚጠራውም አትጠይቁት። ሰው ተኝቶበት ከሆነ ማደሪያ ነው፤ ማደሪያ ደግሞ የሚገባው ነገር አለ። ለዕቃ የተሠራ ቤት ውስጥ ያስጠለሏችሁ ሰዎች ደግ ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ፤ ደግነታቸው ግን በር አይሆንም። አፍራችሁ ዝም ያላችሁ እንደሆነ ዝምታችሁን ስምምነት ነው ብለው ሽማግሌ ፊት ያቀርቡባችኋል። እኔ ላይ አቅርበውብኛል።

በዚህ ዓመት ታናሽ እህቴ ቡራዩ ውስጥ ሥራ አገኘች። ማደሪያ የሚሰጣት የአባቴ ወዳጅ ተገኘ። እኔን ማንም አላማከረኝም። አንድ ጠዋት ሥራ ልገባ ስል ስልኬ ጮኸ፤ አባቴ ናቸው። ሰላምታ እንኳ ሳይሰጡኝ ቡራዩ ሄጄ ነበር አሉ። ብቻቸውን ሁለት ሚኒባስ ቀይረው ነው የሄዱት። ክፍሉን አይተዋል። ባለቤቱ ሻይ ሲያቀርብላቸው ቆይ ብለው ወደ ውስጥ ገብተው፣ በሩን በራሳቸው ላይ ዘግተው፣ ከውስጥ ገፍተው ከፍተውታል።

«በጓሮ በኩልም ሌላ በር አለው» አሉኝ። «እሱንም ከፍቼዋለሁ።»

የሆነ ነገር እንዲሉኝ ጠበቅሁ፤ እሳቸውም እኔ እንድል የጠበቁ ይመስለኛል። ይቅርታ አልጠየቅኳቸውም፤ እሳቸውም ልክ ነበርሽ አላሉኝም።

«እሺ አባባ» አልኩና ስልኬን አስረክቤ ወደ ሥራዬ ገባሁ።